ሳይክሉን ማቅለል የፈለገ ፍሬኑን አይፍታ

በጎንደር አንድ ሳይክል "ይበራል" እንዲባል መጀመሪያ ራቁቱን መቅረት አለበት። ፓራፋንጎው ይወልቃል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ይፈታል። የሰንሰለቱ መሸፈኛ፣ ማቆሚያው፣ ደወሉ፣ መብራቱ ተራ በተራ ይሰናበታሉ። ይህ ሁሉ ከተነቀለ በኋላም "አሁንም ይከብዳል" የሚል አይጠፋም። የዚያን ጊዜ ተራው የፍሬኑ ይሆናል። መጀመሪያ የፊተኛው፣ "ሲይዝ ይገለብጣል" ተብሎ። ቀጥሎ የኋለኛው፣ "ጫማ ምን ይሠራል?" ተብሎ። ከዚያ ባለቤቱ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ይለቀዋል፤ እኛም ዳር ቆመን "አቤት ፍጥነት!" እንላለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ሳይክል ማቅለልን አንቃወምም። እንዲያውም ጎንደርን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ውስጥ ሳይክል ማቅለልና ማፍጠን ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር ነው ብለን እናምናለን። የምንቃወመው ሒሳቡን ነው። ሒሳቡ ተሳስቷል። በተሳሳተ ሒሳብ ደግሞ የምናተርፈው ሰከንድ፣ የምናስይዘው ጥርስና ጭንቅላት እየሆነ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

እንበል ነጂው 60 ኪሎ ይመዝናል። በየከተማችን የምናውቀው ጠንካራው የብረት ሳይክል ሙሉ ዕቃው ሳይጓደል ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ድምሩ 80 ኪሎ። ዳገት ላይ እግራችን የሚታገለው ከዚህ ድምር ጋር ነው እንጂ ከሳይክሉ ጋር ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ20 ኪሎ ላይ 2 ኪሎ ሲቀነስ "አሥር በመቶ ቀለለ" ብለን እንደሰታለን። እግራችን ግን የሚያውቀው ከ80 ላይ 2 መቀነሱን ነው። ያ ደግሞ ሁለት ተኩል በመቶ ብቻ ነው።

ለሒሳብ እንዲመቸን ከአዘዞ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወስደውን መንገድ 12 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ ዳገቱን ደግሞ 200 ሜትር አድርገን እንያዘው። ፓራፋንጎውን፣ ዕቃ መጫኛውን፣ ማቆሚያውንና ደወሉን ነቅለን 2 ኪሎ ብናወርድ ዳገቱ ከ200 ሜትር ወደ 195 ሜትር ዝቅ እንዳለልን ይቆጠራል። አምስት ሜትር! ለዚህች አምስት ሜትር ስንል ክረምቱን ሙሉ ጀርባችን ላይ ጭቃ ስንቀበል እንከርማለን።

አሁን ደግሞ ጎማውን እንይ። ጎማው ለስለስ ያለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ዝቅ የሚል ሳይክል በየመንገዱ ታያላችሁ። እንዲህ ያለው ጎማ በተንከባለለ ቁጥር እየተጨፈለቀና እየተመለሰ የእግራችንን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። እንደ ጎማው ዓይነት ቢለያይም፣ ያልተነፋ ጎማ ከተነፋው ጋር ሲነጻጸር በየ1,000 ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ተጨማሪ ዳገት እንደ መውጣት ሊሆን ይችላል። በ12 ኪሎ ሜትር ስናባዛው 60 ሜትር ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ጎማውን ሳይነፋ ፓራፋንጎውን የነቀለ ልጅ 5 ሜትር ቀንሶ 60 ሜትር ተሸክሟል ማለት ነው። ጎማ ማስነፋት ደግሞ ጎሚስታው ጋ ቆም ብሎ የሚያልፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በነፃ የሚገኝ ፍጥነት

ስለዚህ ዶላርና ዕቃ ፍለጋ ከመሄዳችን በፊት በእጃችን ያለውን እንጨርስ።

አንደኛ ሰንሰለቱ። አቧራና የደረቀ ዘይት የጋገረበት ሰንሰለት ሲዞር ድምፁ ራሱ ይናገራል። በጨርቅ ጠርጎ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀጭን ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ ማድረግ ነው። ከዚያ በላዩ የተረፈውን መጥረግ። ዘይት ስለበዛ አይፈጥንም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ።

ሁለተኛ ኩሽኔታው። ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩትና ተዉት። ወዲያው የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል፣ ወይም ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይም የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እየነካ ነው። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ቸርኬው ትንሽ ተጣሞ በዞረ ቁጥር ፍሬኑን "ቸስ፣ ቸስ" እያለ የሚነካ ሳይክል ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው፣ ፍሬን ይዞ ዳገት እየወጣ ነው። እዚህ ላይ መፍትሔው ፍሬኑን መፍታት እንዳይመስላችሁ! መፍትሔው የቸርኬውን ሽቦዎች አስተካክሎ ማጥበቅና ማላላት ነው። የሚገርመው፣ ብዙ ፍሬን የተፈታው "ስለሚከብድ" ሳይሆን የተጣመመ ቸርኬ ስለሚነካው ነው። በሽታው ቸርኬው ላይ፣ ቀዶ ጥገናው ፍሬኑ ላይ።

ሦስተኛ መቀመጫው። በከተማችን አብዛኛው ሳይክል ነጂ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ እስኪደርስ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲቆም እግሩ መሬት እንዲነካ። ነገር ግን እግር በደንብ ሳይዘረጋ ጉልበት አይወጣም። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችን በትንሹ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት። አንድ ብሎን አላልቶ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ዳገት ላይ ያለው ለውጥ ግን የሰው ሳይክል የተሳፈራችሁ ያህል ይሰማችኋል።

አራተኛ ነፋሱ። ሜዳ ላይና ቁልቁለት ላይ ዋናው ጠላት ክብደት አይደለም፤ አየር ነው። አየሩን አብዛኛውን የሚገፋው ደግሞ ሳይክሉ ሳይሆን የነጂው አካል ነው። ጃኬቱን ሳይቆልፍ፣ ሸራ እንደ ተዘረጋለት ጀልባ እያውለበለበ የሚነዳ ልጅ ደወሉን ነቅሎ ቀለልኩ ማለቱ ያስቃል። ዚፑን ይዝጋው። ክርኑን አጠፍ፣ ደረቱን ዝቅ ያድርግ።

ገንዘብ ካለን የት እናውለው?

ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያማረው ሁለቱም በኩል ሞላ ያለው ወፍራም ሳይክል ነው። ያምራል፤ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ግን በርካሽ የተሠራ ሞላ በብዙ ኪሎ ብረት ይከብዳል፣ ያም ሳይበቃ ፔዳሉን በረገጥን ቁጥር ወደ ታች እየሰጠመ ጉልበታችንን ይበላል። ፊቱም ኋላውም ደረቅ የሆነ፣ አልሙኒየም ሳይክል በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ እሱ ይሻላል። 20 ኪሎውን በ12 ኪሎ ሳይክል የቀየረ ሰው ከ80 ላይ 8 ኪሎ አወረደ፤ አሥር በመቶ ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርሽ ነው። ማርሹ ሲበላሽ መለዋወጫ ስለማይገኝ ሰንሰለቱን አሳጥሮ በአንድ ማርሽ ማስቀረት የተለመደ ነው። "ቀለለም" ይባላል። እስቲ እንቁጠር። ከፊት 44 ጥርስ፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ሳይክል ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 22፣ ከኋላ 32 ጥርስ ላይ ያለው ግን አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ይፈጥናል፤ ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም የሚወጣው መንገድ ላይ ግን ወርዶ መግፋት ነው። ሁለተኛው በዝግታ፣ ሳይወርድ ይወጣል። በጎንደር ማርሽ ማለት ዳገቱን ማሳጠሪያ ነው። ለዚህች ከተማ ከማናቸውም ብረት በላይ ክብደቱ የሚገባው እሱ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲና ጎንደር

"ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን ያቀላሉ?" የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማን ብዙ ይነዳል የሚለውን ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ። ሳይክሉን የሠራለት ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር። ክብደቱን ከ6 ኪሎ በታች ለማድረግ ሰንሰለቱ ሳይቀር በመሰርሰሪያ ተበስቶ ነበር። መርክስ በዚያ ሳይክል በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነዳ።

ግን ለምን ሜክሲኮ ሲቲ? አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ለፍጥነት ነጂ መንገድ ይለቃል። አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። ዳባትና ደባርቅ ከዚያም እጅግ ይበልጣሉ። የዓለም ሻምፒዮን ከአውሮፓ አትላንቲክን ተሻግሮ የፈለገውን አየር እኛ ጠዋት ተነሥተን በነፃ እንተነፍሰዋለን። ለዚህ አየር የተወለደ ልብና ሳንባም አለን።

የመርክስ ሳይክል ፍሬን አልነበረውም፤ ይህንንም አንደብቅም። ግን የነዳው በተከለለ፣ በተወለወለ፣ ክብ የውድድር ሜዳ ውስጥ ነው። ከፊቱ ባጃጅ አልነበረም። በግ የሚነዳ ገበሬ አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ የምትሄድ እናት አልነበረችም። ፍሬን የሌለው ሳይክል እንዲህ ያለ ቦታ ተፈጥሮለታል፤ ያ ቦታ ደግሞ የአዘዞ መንገድ አይደለም።

ለመንገድ ውድድር እንኳ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል እንዳይወዳደር ከልክሏል። ለቅለት የሚከፈለው ዋጋ ወሰን ይኑረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም የአልፕስን ተራሮች የወጣው በዚሁ ሕግ ሥር፣ ሁለት ፍሬን ባለው ሳይክል ነው። የወጣውን ያህል መውረድም አለበትና።

ሊማሊሞ ምን ይላል?

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ምን ያህል ሥራ እንዳለበት ለማወቅ ሊማሊሞን ማሰብ ይበቃል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያወጡት፣ የስንት ሹፌር ወገብ የፈተሸ ቁልቁለት ነው። ከላይ እስከ ታች ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 80 ኪሎ የሚመዝን ነጂና ሳይክል 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋስ ያልወሰደውን በሙሉ የሚቀበሉት አውራ ጣት የሚያህሉ ላስቲኮችና ቸርኬው ናቸው። ለዚህ ነው ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ከመቅረት ያዝ ለቀቅ ማድረግ፣ እየቆሙም ቸርኬውን ማቀዝቀዝ የሚመከረው። ቸርኬው ከጋለ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሁሉ በጫማ ሶል እችለዋለሁ የሚል ጀግና ካለ ጫማውን አስቀድሞ ያሳየን።

ሊማሊሞ ሩቅ ነው የሚል ካለም እዚሁ ከተማው ውስጥ እንሥራው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሳይክል በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ልጅ መንገድ ውስጥ ሲገባ አይተን እጃችን እስኪንቀሳቀስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ 11 ሜትር ሄድን ማለት ነው። ሁለቱም ፍሬኖች ደህና ከሆኑ ከዚያ በኋላ በ12 ወይም በ15 ሜትር መቆም ይቻላል። በጫማ ከሆነ 50 ሜትርም አይበቃ ይሆናል። የፊተኛው ፍሬን "ይገለብጣል" የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። በድንገት ካነቅነው ይገለብጣል፤ ቀስ በቀስ ካጠበቅነው፣ ወገባችንንም ወደ ኋላ ካሸሸን ያድናል። እሱን ፈትቶ የኋላውን ብቻ ማስቀረት የማቆሚያ ጉልበታችንን ግማሹንና ከዚያም በላይ መጣል ነው።

ለመሆኑ ሁለቱ ፍሬኖች ስንት ይመዝናሉ? ከነገመዳቸው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቁም። በሒሳባችን መሠረት ከ200 ሜትሩ ዳገት ላይ ሁለት ሜትር ተኩል። ለሁለት ሜትር ተኩል!

ማውለቅና መፍጠን

እኛ ኢትዮጵያውያን ማውለቅን የምንወድበት ምክንያት ሳይኖረን አይቀርም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ፤ እኛም ጫማ የሌለው እግር የጀግንነት ምልክት አደረግነው። ግን አበበ ራሱ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጀበትን ርቀት ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰው። ጫማ ክብደት አለው፤ ጫማ አድርጎ ግን ፈጠነ። ትምህርቱ ለሳይክላችንም ይሆናል። የሚጠቅመውን ክብደት ከማይጠቅመው መለየት ነው እንጂ የተገኘውን ሁሉ መንቀል ብልሃት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምንለው ለውድድር ለሚዘጋጁ ልጆች ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ስትጀምር፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቹ ጎን ተሰልፈው ነበር። ሩጫው ዓለምን ሲቆጣጠር ሳይክሉ ግን እንደ ልጅ መጫወቻ ተቆጠረ። እኛ ሳይክልን የምንፈልገው እንደ መጓጓዣ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ የባጃጅ ዋጋ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲቋረጥ መቀሌ ላይ ሴቱም ወንዱም ሳይክል ላይ ወጥቶ ነበር። በእኛም ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያለ ነዳጅ የሚሄድ ነገር ምን እንደሚያወጣ ተምረናል። ወደ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ በሰላም የምንጋልብበትን ቀን ያምጣልን እንጂ፣ እስከዚያው ድረስ ግን ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ለመድረስ የባጃጅ ወረፋ መጠበቅ ዕጣችን መሆን የለበትም።

"ጎንደር ዳገት ናት፤ ሳይክል ለባሕር ዳር ነው" የሚለውን ንግግር ስንሰማ አድገናል። ባሕር ዳር በእርግጥ ሜዳ ናት፤ እንኳን ደስ አላት። ነገር ግን ዳገትን የሚፈታው የተነፋ ጎማ፣ የሚሠራ ማርሽና ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። ሦስቱም ጎንደር ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እኛ ስለ ሴቶቹ። ሳይክል ላይ የወጣች ሴት ዳገቱ ላይ የምትሸከመው የራሷን 50 ወይም 60 ኪሎና የሳይክሉን ብረት ብቻ አይደለም። ከየበረንዳው የሚወረወረውንም ትሸከማለች። "ውረጂ!" "ወንድ ሆንሽ እንዴ?" ይህንን በካቻቢቴ መፍታት አይቻልም። የሚፈታው አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትከተል ነው። መቀሌ ላይ እንዳየነው ሲበዙ ዓይን ይለምዳቸዋል።

ለከተማችን አስተዳደርም አንድ ቃል አለን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የሳይክል መስመር ሲሠራ አይተናል። ጎንደርም መንገዷን በቆፈረችና ባደሰች ቁጥር አንድ ሜትር ተኩል ለሳይክል ትተው፤ በተለይ ዳገት በሚወጣው በኩል። ዳገት የሚወጣ ሳይክል ቀርፋፋ ነው፣ ይወላገዳል፣ ከለላ ያስፈልገዋል።

ለጓደኞቻችን ግን የዛሬ ሳምንት ሥራ እንስጥ። ቅዳሜ ጠዋት ጎማችሁን አስነፉ፣ ሰንሰለታችሁን እጠቡ፣ ቸርኬውን አስተካክሉ፣ መቀመጫውን ከፍ አድርጉ። ፓራፋንጎውን ከጠላችሁት ንቀሉት፤ ጭቃው የራሳችሁ ነው። ፍሬኑን ግን መልሳችሁ እሰሩ፣ የፊተኛውንም ጭምር። ከዚያ ከአዘዞ ተነሥታችሁ ፒያሳ ስትደርሱ ሰዓታችሁን ተመልከቱና ካለፈው ጋር አስተያዩት።